ሐረርን በክረምት፦ ጀጎልን በዘመን ቅደም ተከተል መዞር

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድም ሻንጣውን ይዞ ከች ይላል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፤ በዚህ ዝናብ የት ይኬዳል? ታሪክ ለሚወድ ሰው የእኔ መልስ ሐረር ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በሐምሌና በነሐሴ አየሯ ልክ ነው፤ አይበርድም፣ አያቃጥልም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጠዋቱ የእናንተ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ ትንሽ ነው። 48 ሄክታር ገደማ ብቻ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የወልዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) መቃብር አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ብዙ ሰው ሐረርን የሚያያት በሩጫ ነው። ጠዋት ከድሬዳዋ ይመጣል፣ በር ላይ ፎቶ ይነሳል፣ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት አየት ያደርጋል፣ ማታ ጅብ አብልቶ ይመለሳል። ለመዝናናት ይበቃል። ታሪክ ፈልጎ ለሄደ ሰው ግን ሁሉም ነገር ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ የፈረንሳይ ገጣሚ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ስለዚህ እኔ የምመክረው ዙሩን በዘመን ቅደም ተከተል ማድረግ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ወዲያና ወዲህ መመላለሱ አያደክምም። ሁለት ሙሉ ቀን ስጧት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። አብዛኞቻችን የዚህን አካባቢ ታሪክ የተማርነው ከሸዋና ከጎንደር ወገን ሆነን ነው። ሐረር ውስጥ ያው ታሪክ ከግንቡ ውስጥ ሆኖ ሲነገር ትሰማላችሁ። ትምህርት ቤት «ግራኝ» እያልን ያደግንበት ሰው እዚያ ኢማም አህመድ ነው፣ በአክብሮት ነው የሚጠራው፤ እናንተም እንደዚያው ጥሩት። ለመከራከር አትቸኩሉ። ጠይቁና አዳምጡ፣ ሌላውን ቤታችሁ ስትመለሱ ታነቡታላችሁ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ቀላሉ ወደ ድሬዳዋ መብረር ነው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከውጭ የምትመጡ ከሆነና ዓለም አቀፍ ትኬታችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ፣ የአገር ውስጡን በረራ ስትገዙ ስለ ቅናሹ መጠየቅ አትርሱ። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ። በመስኮት በኩል መቀመጫ ያዙ። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነስታችሁ ወደ ደንገጎ ጠመዝማዛውን ስትወጡ አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል። ከዚያ ሐረማያ ሐይቅን ታልፋላችሁ። ይህ ሐይቅ ለዓመታት የሐረር የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር፣ ደርቆ ሰዉን ሁሉ አስለቀሰ፣ አሁን ውኃው ተመልሷል። ከሐይቁ ቀጥሎ አወዳይ ነው፣ የጫቱ ገበያ፤ መኪናው እዚያ ቢቆም አይግረማችሁ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ጉዳይ አላቸው።

በየብስ ከአዲስ አበባ መሄድም ይቻላል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ቀኑን የሚፈጅ። መንገዱ ጨለንቆንና ቁልቢን አቋርጦ ስለሚያልፍ ታሪክ ለሚወድ ሰው የራሱ ጣዕም አለው፤ ሁለቱም ቦታዎች ወደ ኋላ ላይ ይመጣሉ። ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ሰሞኑን የተመላለሰበትን ሰው ጠይቁ። ይሄ ነገር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት የሰማችሁትን ይዛችሁ አትነሱ።

ቀን ስትመርጡ ሐምሌ 19ን አስቡበት። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ ብቻ ሳይሆን በሐምሌም አለ። ለንግሡ የምትሄዱ ከሆነ እሰየው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ትጨርሳላችሁ። ካልሆነ ግን በዚያ ሳምንት መኪናም አልጋም ማግኘት ፈተና ስለሆነ ከፊቱ ወይም ከኋላው ብትሄዱ ይሻላል።

ማደሪያን በተመለከተ ምርጫው ሁለት ነው። ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ መደበኛ ሆቴሎች አሉ። ጀጎል ውስጥ ደግሞ እንግዳ የሚቀበሉ ባህላዊ የሐረሪ ቤቶች አሉ። እኔ ቢያንስ አንድ ሌሊት ከውስጥ እደሩ እላለሁ። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ንጋት ላይ አዛን ከየአቅጣጫው ይቀሰቅሳችኋል። ግን የቤቱን አሠራር እንደ ሙዚየም ዕቃ ቆማችሁ ከማየት ተቀምጣችሁበት ቡና መጠጣት ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ውኃ ጠይቁ፤ የቧንቧው ቀርቶ በበርሜል የተቀመጠ አለ ወይ ብላችሁ። በሐረር ይህ ተራ ጥያቄ ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ግንቡና አሚሮቹ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ። ከሁሉ በፊት ፈቃድና መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ያዙ። ጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች 368 ናቸው ይባላል፣ ግማሾቹ ግንብ ላይ ሄደው ይቆማሉ። መጥፋቱ አያስፈራም፣ ልጆች መንገድ ያሳዩአችኋል። የአስጎብኚው ጥቅም ሌላ ነው፤ በር አንኳኩቶ የሚያስገባችሁ እሱ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ የሙዚየምና የቤት መግቢያ ክፍያ በውስጡ መኖሩንና አለመኖሩን ለዩ። ከዚያ የዛሬውን ሐሳባችሁን ንገሩት፦ «ከድሮው ጀምረን ወደ ቅርቡ እንምጣ።» ጥሩ አስጎብኚ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል።

መጀመሪያ ግንቡን ከውጭ እዩት። ከኤረር በር ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያርፍበታል። ግንቡ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፣ ከፍታው 4 ሜትር ገደማ። ቀርባችሁ ብትነኩት ድንጋዩ ሸካራ፣ ቀለሙ ቡናማ ነው፣ በክረምት ከስንጥቁ ሣር ይበቅላል። ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ጅቦች ሌሊት የሚገቡትና የሚወጡት በእነሱ ነው፣ ሆን ተብሎ የተተወላቸው። ቆሻሻውን ጠርገው ይሄዳሉ።

አምስት ነባር በሮች አሉ። እያንዳንዱ በር በሐረሪ አንድ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ደግሞ ሌላ ስም ስላለው መንገድ ስትጠይቁ ግራ እንዳትጋቡ ይሄን ያዙ፦ በሰሜን ፈላና በር (አሱም በሪ)፣ በምሥራቅ ኤረር በር (አርጎብ በሪ)፣ በደቡብ ምሥራቅ ሰንጋ በር (ሱቁታት በሪ)፣ በደቡብ ቡዳ በር (በድሮ በሪ)፣ በምዕራብ ሸዋ በር (አስመዲን በሪ)። መኪና የሚገባበት ሰፊው የሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው።

እዚህ ግንቡ ሥር ቆማችሁ ታሪኩን ከመጀመሪያ አስተርኩት። የአዳል ሱልጣን አቡበክር ዋና ከተማውን ወደ ሐረር ያዛወረው በ1512 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሥልጣኑ ኢማም አህመድ እጅ ገባ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዘመቻው እስከ ትግራይ ደረሰ፣ ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. ወይናደጋ ላይ ወደቁ። መጽሐፎቻችን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚዘጉት። ሐረር ውስጥ ግን ታሪኩ ይቀጥላል። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ አመለጡ፣ ሐረር ተመለሱ፣ የኢማሙ የእህት ልጅ የሆነው ኑር ኢብን ሙጃሂድ አገባቸው፣ በቀል እንዲመልስም ገፋፉት። አሚር ኑር በ1551 ዓ.ም. ዘመተና አፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ፤ የንጉሡ የተቆረጠ ራስ ሐረር እንደመጣ ተጽፏል።

አስቡት እንግዲህ። ድል አድርጎ የተመለሰ ሰው ነው ከተማውን በግንብ ያጠረው። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ሐረር ደጅ ደርሶ ነበር፣ በዚያ ላይ ረሃቡና በሽታው ነበር። ጀጎልን ያሠራው አሚር ኑር ነው ይላል የከተማው ትውፊት። ሁለቱ ትልልቅ ወገኖች ሲዋጉ ሁለቱም ተዳክመው ነበር፣ ይህ ግንብ ያንን ድካም ነው የሚያሳየው። ከጎንደር ግንቦች ጋር አታወዳድሩት፤ ያ የቤተ መንግሥት ሥራ ነው፣ ይሄ የመትረፍ ሥራ ነው።

ከዚያ ገብታችሁ ወደ አሚር ኑር መቃብር ሂዱ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከላይ ሾጣጣ፣ ዙሪያውን ጉጥ ጉጥ ያለ ነው። ስታዩት ሳትጠይቁ ታውቁታላችሁ። ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። ከዚያ የሼህ አባድር መቃብር። ሼህ አባድር ከዓረብ አገር መጥተው ከተማዋን እንዳቋቋሙ የሚነገርላቸው ትልቁ ወልይ ናቸው፣ ሐረሮች ከተማቸውን በስማቸው ይጠሯታል። ሐሙስ ማታ እዚያ ዚክሪ አለ፤ ከበሮውና መንዙማው የሚደርስበት ቀን ላይ ከዋላችሁ በአስጎብኚያችሁ በኩል ፈቃድ ጠይቁና በጸጥታ ተቀመጡ። ካሜራ ኪስ ውስጥ ይግባ። ትልቁን የጃሚ መስጊድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከውጭ ነው የሚያየው።

ከቀትር በፊት የሐረሪ ቤት ግቡ። ለእኔ የጀጎል ልብ ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት። ከውጭ የምታዩት ነጭ ወይም ባለ ቀለም ግድግዳና የእንጨት በር ብቻ ነው፤ በሩን ስትገቡ ግቢ አለ፣ ከዚያ ዋናው ክፍል። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። መደቦቹ አምስት ናቸው፣ ነደባ ይባላሉ፣ ከፍታቸው ይለያያል። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት አለ፣ ለታላላቆችና ለተማሩ የተለየ አለ፣ ለወጣቱ ከበር አጠገብ ዝቅ ያለው አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቃል። ግድግዳው ላይ መስኮት መሳይ ጎድጎድ ያሉ መደርደሪያዎች አሉ፣ ከላያቸው በክብ በክብ የተሰቀሉ ስፌቶችና ሳህኖች። ስፌቶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ስንደዶው ከመርፌ ባልተናነሰ ቅጥነት ነው የተጠቀለለው፣ ቀለሙም ከቤት ቤት ይለያያል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካያችሁ እቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። በጎን በኩል ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ጠባብ ክፍል አለች፣ ምግብ በትንሽ መስኮት ነው የሚገባላቸው።

ለባለቤቲቱ ቀዩን ወለል ለምን እንደሚቀቡት ጠይቋት። ብዙዎች ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይሏችኋል። ይህን መልስ ልብ በሉት፣ ነገ ይፈለጋል።

ከምሳ በኋላ ዕቅድ አታብዙ። ሙዚየሞች በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፣ ከተማውም ከ7 ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰዉ በርጫ ላይ ነው፣ ሰማዩም መጥቆር ይጀምራል። ፉል ወይም ፈጢራ ብሉ፤ ኡልበት መረቅ (የአብሽ ወጥ) ካገኛችሁ አትለፉት። ቡናውን የሐረር ብላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ግን ገለባውን በወተት አፍልተው የሚጠጡትንም፣ የቡና ቅጠል ሻዩንም ቅመሱ።

ሁለተኛው ቀን፦ ሐረር ነፃነቷን ያጣችበት ዘመን

ዛሬ መነሻችሁ ፈረስ መጋላ ነው፣ አደባባዩ። ግን ከመድረሳችሁ በፊት በትናንቱና በዛሬው መካከል ያለውን ድልድይ ያዙ። ከአሚር ኑር በኋላ በ1640 ዓ.ም. አካባቢ አሊ ኢብን ዳውድ የራሱን ሥርወ መንግሥት መሠረተ፣ ሐረር ከ200 ዓመት በላይ በራሷ አሚሮች ተዳደረች፣ የራሷን ሳንቲም መታች፣ መጽሐፍ ጻፈች። በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ገባ፤ ክርስቲያን እግሩን ካስገባ ከተማዋ ትጠፋለች የሚል ንግርት እያለ። አሥር ቀን ተቀምጦ በሰላም ወጣ። በኤረር በር ነው የገባው ይባላል፣ ትናንት የጀመራችሁበት። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ግብፆች በራኡፍ ፓሻ እየተመሩ መጥተው ያዟት፣ አሚሩንም ገደሉ። አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ሥልጣኑን ያዘ። የመጨረሻው አሚር እሱ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ጨለንቆ ላይ የአሚሩን ጦር አሸንፈው ሐረር ገቡ። አደባባዩ ላይ ለጨለንቆ ሟቾች የቆመ መታሰቢያ አለ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ከድሉ በኋላ የተሠራው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ በግብፆች ዘመን መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ። ሁለቱን ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ትናንት ስለ ቀይ ወለል የሰማችሁትን አስታውሱ፣ አስጎብኚያችሁንም ጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያሉትን አባትም ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም የሚነግሯችሁ ለየብቻው እውነት ነው። እኔ በየትኛውም የታሪክ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት፣ ዛሬ የአብደላ ሸሪፍ ሙዚየም ወዳለበት። ራስ መኮንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ገዙ፣ ልጃቸው ተፈሪም በ1884 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት። ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፣ የተቀረጸው በሩ የሕንድ እጅ አለበት። ውስጡ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ነው። አብደላ ሸሪፍ በግላቸው ከየቤቱ የሰበሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የአሚሮቹ ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎች፣ ጌጦች፣ የድሮ የሙዚቃ ቅጂዎች አሉ። የብራና መጽሐፍ ማየት ከጎንደርና ከጣና ገዳማት የለመደ ሰው የእነዚህን ጥራዝ ሲያይ ይገረማል፤ ሽፋኑ ላይ የተረገጠውን የቆዳ ጌጥ ለማየት አጎንብሱ። እዚህ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አትመድቡ።

አንድ የሚጠቅም ነገር። ሐረር ውስጥ የምታገኟቸው ጽሑፎች ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይጠቀማሉ፤ የእኛን፣ የፈረንጁን፣ የሒጅራውን። የጨለንቆ ውጊያ በእኛ 1879፣ በፈረንጅ 1887፣ በሒጅራ 1304 ነው። ሳንቲሞቹ ላይ ያለው ሒጅራ ነው። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ከመነሳታችሁ በፊት አምስት ስድስት ዋና ዋና ዓመቶችን በሦስቱም ጻፉ፣ በየሰሌዳው ፊት ስታሰሉ አትቆሙም። እኔ እዚህ የጻፍኩት በሙሉ በእኛ ነው፣ ጨለንቆ ላይ ለማነጻጸር ከጠቀስኳቸው ሁለት ዓመቶች በስተቀር።

የራምቦ ቤት ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ነው ሐረር የመጣው፣ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ፣ ቡናና ቆዳ ሊነግድ። ለምኒልክ መሣሪያ ሸጧል። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት፣ በአዲሱ ዓመት በ1884 ኅዳር ማርሴይ ውስጥ ሞተ፣ በ37 ዓመቱ። ታሪክ ወዳድ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፦ ራምቦ እዚህ ቤት አልኖረም። ቤቱን ከእሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው። ይሄ ግን አያስቀራችሁ። ባለ ቀለም መስታወቱና የተሳለው ጣሪያው የሕንድ ነጋዴዎችን ዘመን ያሳያል፣ ያ ራሱ የሐረር ታሪክ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ራምቦ ራሱ ያነሳቸው ጭምር። የትናንቱን ግንብና አደባባይ በፎቶዎቹ ውስጥ ፈልጓቸው፣ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ደግሞ የዛሬውን ከተማ እዩ።

ከዚያ ለዓይን ብቻ ማኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል ውረዱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን በመንገዱ ግራና ቀኝ ደርድረው። ጨርቅ ገዝታችሁ ብትሰጡ በዚያው ቀን ይሰፋላችኋል። ጫፉ ላይ ጊዲር መጋላ አለ፣ ሥጋ ገበያው። ሥጋ ስትገዙ ወደ ላይ እዩ፤ ጭልፊቶቹ ከጣሪያው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፣ ከእጃችሁ ይነጥቋችኋል። በከረጢት ሸፍናችሁ ያዙት።

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው ነበር፣ ከግንቡ ውጭ ያለው ሰፊ መንገድ ብዙው የእነሱ ሥራ ነው። ይሄን በባጃጅ ስታልፉ ማየት ይበቃል።

ጅቡ

ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ከግንቡ ውጭ ጅብ የማብላቱ ትርዒት አለ። ሂዱ፣ አትፍሩ። ባለሙያው ጅቦቹን በስማቸው ይጠራቸዋል፣ እናንተም ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጋችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ክፍያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የባጃጁንም መጠበቂያ ጨምራችሁ። ለቱሪስት የሚደረገው ይህ ማብላት ዕድሜው ብዙ አይደለም፤ አሮጌው ልማድ በእስልምናው የአሹራ ቀን ለጅቦች የሚቀርበው ቅቤ ያለው ገንፎ ነው። ጅቦቹ አበላላቸው ታይቶ የዓመቱ ሁኔታ ይተነበያል። አሹራ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ ቀኑ በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል፤ በሰኔ ወይም በሰኔ አካባቢ የሚውልበት ዓመት ላይ ከሆናችሁ ጉዞአችሁን ከእሱ ጋር አገጣጥሙት።

ምን ይያዝ

የማያንሸራትት ጫማ። የጀጎል ድንጋይ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ከጃንጥላ የዝናብ ካፖርት ይሻላል፣ መተላለፊያዎቹ ጃንጥላ አያሳልፉም። ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ያኑሩ፣ ወንዶችም ቁምጣ ይተዉ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ባንክና ኤቲኤም ያለው ከግንቡ ውጭ ነው፣ የቤት መግቢያና የስፌት ገበያ በጥሬ ገንዘብ ነው። ገበያ ላይ ያሉ ሴቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ደምቀው ስለለበሱ ብዙ ሰው ካሜራውን ይደቅንባቸዋል፣ እነሱ ግን ሥራ ላይ ናቸው። ስፌት ከፈለጋችሁ ከሚሰፉት ሴቶች በቀጥታ ግዙ፣ የስንት ወር ሥራ እንደሆነ ሳትጠይቁ ዋጋ አትቁረጡ።

ስትመለሱ

ድሬዳዋ ላይ ግማሽ ቀን አስተርፉ። የራስ መኮንንን ታሪክ ይዛችሁ ስትመጡ ድሬዳዋ በራሷ ታስረዳለች። የባቡር ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው አስቸጋሪና ወጪው ከባድ ስለሆነ ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታም አዲስ ከተማ ሆነ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ የተጠራ። ከዚያ ቡናውም ነጋዴውም ወደ ታች ወረደ። ጀጎል ሳይፈርስ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ ሀብቱ ሌላ ቦታ ስለሄደ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ አልመጣም።

ለገሀር፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ፣ ከከዚራ ሰፈር አጠገብ ነው። በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃዎች በትሕትና ጠይቁ፤ አሮጌ ሎኮሞቲቮቹንና የጥገና ክፍሉን የሚያሳይ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ምናልባትም በፈረንሳይኛ የሙያ ቃላት የሚያወራ ጡረተኛ ባቡረኛ። በረራችሁ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሐረር ተነሱ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ለገሀር ትደርሳላችሁ፣ ምሳችሁንም ከከዚራ ዛፎች ሥር በልታችሁ ወደ አየር ማረፊያው ትሄዳላችሁ።